የጃኪ እንባና የጃኪ ገንዘብ

የቻርሊ ቻፕሊንን «ዘ ኪድ» ያላየ ካለ ዛሬ ማታ ይየው። ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ በፈረንጆች 1921 ነው የታየው። ድምፅ የለው፣ ቀለም የለው፣ ግን ሆድ ይዞ ያስቃል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት የቸገራት እናት አራስ ልጇን ሀብታም ያሳድግልኝ ብላ መኪና ውስጥ ትተወዋለች። ሌቦች መኪናውን ይሰርቁና ሕፃኑን ቆሻሻ መንደር ውስጥ ይጥሉታል። ቻፕሊን አግኝቶ ያሳድገዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለቱ የሥራ ባልደረቦች ሆነዋል፦ ልጁ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፣ ቻፕሊን መስታወት በጀርባው አዝሎ «እንዳጋጣሚ» ብቅ ይላል። አንዴ ልጁ ሊወረውር እጁን ወደ ኋላ ሲስብ ከኋላው የቆመ ፖሊስ ጋ ይነካካል። ዞር ብሎ ቀና ይላል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ድንጋዩን ወደ ላይ እያንጓለለ ይጫወትና ጥሎት እግሬ አውጪኝ! ይቺን ስንቴ ባያት አልጠግብም።

ልጁ ጃኪ ኩገን ነው። ቀረጻው ሲጀመር ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ፊልሙ ላይ ሁሉም ሰው የሚያነሳው ግን ሌላ ቦታ ነው። ልጁን ወደ ማሳደጊያ ሊወስዱት መኪና ላይ ይጭኑታል። እጁን ዘርግቶ ይለምናል፣ ይንሰቀሰቃል። ያ እንባ የትወና አይደለም። ቻፕሊን ራሱ በሕይወት ታሪኩ ላይ እንደጻፈው፣ ልጁ አላለቅስ ሲል አባትየው «እኔ አስለቅሰዋለሁ» አለ። ካላለቀስክ እውነተኛው የድሆች ማጎሪያ ነው የምንሰድህ ብሎ አስፈራራው። አለቀሰ። ካሜራው ዞረ። ቻፕሊን በኋላ አቅፎ አባበለው።

እዚህ ላይ ነው የሚከነክነኝ። ቻፕሊን በሰባት ዓመቱ ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ የድሆች ማጎሪያ ገብቶ ያውቃል። ቀረጻው ሊጀመር አካባቢም የበኩር ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞቶበታል። ፊልሙ ልብ የሚነካው ከዚህ ሁሉ ስለመጣ ነው። ማስፈራሪያው ግን እሱን ያቆሰለው ያው ነገር ነበር። ዛቻው የአባትየው ነው፣ እሺ። የተቀረጸው በቻፕሊን ካሜራ ነው።

«ዘመኑ እንደዚያ ነበር» የሚል አይጠፋም። ይሁን። ገንዘቡስ?

ጃኪ በልጅነቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ ይገመታል። በ1935 አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ጃኪ ከዚያው መኪና ተርፎ ነው። ዕድሜው ደርሶ ገንዘቤን ቢል እናቱና እንጀራ አባቱ አሻፈረን አሉ። በ1938 ከሰሳቸው። በጊዜው የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ልጅ ያገኘው የወላጅ ነው ይል ስለነበር፣ በመጨረሻ እጁ የገባው 126 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። እኛ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። ጃኪ ያቦካው ለእናቱና ለእንጀራ አባቱ ካፖርትም፣ አልማዝም፣ መኪናም በቅቷል። ለራሱ ለጃኪ ነው ያልበቃው።

ጩኸቱ ግን ከንቱ አልቀረም። በ1939 የልጅ ተዋንያንን ገቢ ለመጠበቅ በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጣ። ብዙ ቀዳዳ ነበረው። በ2000 ሲሻሻል ገንዘቡ የልጁ የራሱ ሆነ፣ 15 በመቶውም ዕድሜው እስኪደርስ በማይነካ ሒሳብ እንዲቀመጥለት ተደነገገ። በ2024 ደግሞ ካሊፎርኒያ ወላጆቻቸው ለኢንተርኔት የሚቀርጿቸውን ልጆች ጨመረች። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ኢሊኖይ ቀድማት ነበር።

እኛ ጋስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። እናት ግን ልጇን አትቀጥርም፤ ስልኳን ነው የምታነሳው። ልጁ ሲኮላተፍ ይቀረጻል፣ ሲቆጣ ይቀረጻል፣ አንዳንዴም ሆን ተብሎ ተነካክቶ ሲያለቅስ ይቀረጻል። እኛም «ውይ ሲያምር!» እያልን ሼር እናደርጋለን። የዩቲዩቡ ክፍያ በወላጅ ስም ይገባል፣ የቲክቶኩ ስጦታም እንደዚሁ። ወላጅ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም፤ አብዛኛው ያንኑ ልጅ ነው የሚያበላበት። ቢሆንም ባንኮቻችን የልጆች የቁጠባ ሒሳብ አላቸው። ከቪዲዮው ገቢ የተወሰነው በልጁ ስም ይግባ፣ ዕድሜው ሳይደርስም ማንም አይንካው። ይህን የሚያስገድድ አንድ አንቀጽ መጻፍ ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም።