አንድ ገጸ ባሕርይ ሳይጠናቀቅ መቶ አይጀመር

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 «ማስ ኢፌክት አንድሮሜዳ» የተባለው ግዙፍ የቪዲዮ ጨዋታ ለገበያ ሲቀርብ የመጀመሪያው መነጋገሪያ ታሪኩም ውጊያውም አልነበረም፤ የገጸ ባሕርያቱ ፊት ነበር። የፈዘዙ ዓይኖች፣ ከንግግሩ ጋር የማይገጥሙ ከንፈሮች፣ ያለቦታው የመጣ ፈገግታ በአጫጭር ቪዲዮዎች እየተቆረጡ በዓለም ዙሪያ መሣቂያ ሆኑ። አንዲት የቀድሞ ሠራተኛ የአኒሜሽን ቡድኑ መሪ ነበረች ተብላ የስድብ ናዳ ወረደባት፤ ስቱዲዮው ባዮዌርም መረጃው ስሕተት መሆኑን በይፋ እስከ ማስተባበል ደረሰ። በሚያዝያ ወር የወጣው ማሻሻያ ዓይኖቹንና የከንፈር እንቅስቃሴውን አሻሽሏል። ተጫዋቹ ግን ፍርዱን ከሰጠ ሰንብቶ ነበር።

ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። አንድ ፊት በተበላሸ ቁጥር ጣታችንን በሠዓሊው፣ በቀራጺው ወይም በአኒሜተሩ ላይ መቀሰራችን ስለሚያሳዝነኝ ነው። ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ይባላል። በትልልቅ ጨዋታዎች ውስጥ የገጸ ባሕርይ ሥራ የሚበላሸው በአብዛኛው ችሎታ አንሶ ሳይሆን ውሳኔ ዘግይቶ ነው ብዬ አምናለሁ። ውሳኔው በጊዜው እንዲሰጥ ማድረግ ደግሞ የሥራ አስተዳዳሪው ግዴታ እንጂ የአርቲስቱ አይደለም።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ገጸ ባሕርይ አንድ ሥዕል ይመስላል። ሥራው ግን ብዙ እጅ የሚቀባበለው ነው። መጀመሪያ ንድፍ ሠዓሊው ቁመናውን፣ መልኩንና አልባሳቱን ይወስናል። ቀራጺው ያንን ይዞ፣ ዚብረሽን በመሰለ ሶፍትዌር፣ የቆዳ ቀዳዳና የልብስ ስፌት ሳይቀር ፖሊጎን በሚባሉ፣ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ባለብዙ ጎን ቅርጾች ይቀርጸዋል። ይህ ቅርጽ ለጨዋታ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፖሊጎን ብቻ ያለው ቀለል ያለ ሞዴል እንደገና ይሠራል፤ የከባዱ ቅርጽ ዝርዝርም ኖርማል ማፕ በሚባል ምስል አማካይነት ወደ ቀላሉ ይተላለፋል። ከዚያ የጨርቁ፣ የብረቱና የቆዳው መልክ ቴክስቸር በሚባል ምስል ይለበጣል፤ ፀጉሩ ይሠራል፤ ሪገሩም ሪግ የሚባለውን ዲጂታል አጽም አስገብቶ የትኛው የአካል ክፍል ከየትኛው አጥንት ጋር እንደሚንቀሳቀስ ይወስናል። ፊት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙ ስቱዲዮዎች እስከ ዛሬ መነሻ የሚያደርጉት ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙትን የፊት ጡንቻ እንቅስቃሴ ምደባ ነው፤ ቅንድብ ማንሣቱም፣ ከንፈር መጫኑም፣ ጉንጭ መሰብሰቡም ለየብቻው ተቀርጾ በኋላ ይቀላቀላል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ጨዋታው በሰከንድ 60 ምስሎች እንዲያሳይ ከተፈለገ፣ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ብርሃኑም፣ ሕንፃውም፣ ጠላቱም ድርሻቸውን ይፈልጋሉ።

እንግዲህ ሪጉ ካለቀ በኋላ አንድ ዳይሬክተር «የትከሻው ጥሩር ይግዘፍ» ቢል የሚከተለውን እናስብ። ቀራጺው ወደ ጀመረበት ይመለሳል። ቀላሉ ሞዴል እንደገና ይሠራል። የቀድሞው ቴክስቸር ከአዲሱ ቅርጽ ጋር ስለማይገጥም እንደ አዲስ ይዘረጋል። ሪገሩ የእያንዳንዱን አጥንት ድርሻ እንደገና ያከፋፍላል፤ በመጨረሻም አኒሜተሩ የገጸ ባሕርዩን ክንድ ሲያነሣ ጥሩሩ ጉንጩን ሰንጥቆ ሲገባ ያገኘዋል። በንድፍ ደረጃ የአንድ ከሰዓት ሥራ የነበረው ለውጥ የብዙ ሰዎችን ቀናት ይበላል። ጣሪያው ከተመታ በኋላ መሠረቱን ማንቀሳቀስ ማለት ይህ ነው።

በብዛት ማምረት ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጸ ባሕርይ እስከ መጨረሻው ይሠራ የምለው ለዚህ ነው። እስከ መጨረሻው ስል በመቆሚያ ላይ የሚሽከረከር የሚያምር ሞዴል ማለቴ አይደለም። በራሱ በጨዋታው ውስጥ የሚራመድ፣ የሚናገር፣ የሚወድቅ፣ በጨለማም በቀትር ብርሃንም የታየ፣ ከሩቅ ሲታይ የሚተካው ቀላል ቅጂ ሳይቀር የተዘጋጀለት መሆን አለበት። ሪገሩና አኒሜተሩም የሚጠሩት ቅርጹ ሸካራ ሳለ፣ ሁሉም ነገር በቀላሉ በሚለወጥበት ሰዓት ነው። ለዚህ ጊዜ የለንም የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ ያለዚህ የሚወጣ የጊዜ ሰሌዳ ሁሉ ምኞት ነው እላለሁ፤ አንዱ ስንት ቀን እንደፈጀ ያልታወቀበት ስቱዲዮ ሰማንያ ገጸ ባሕርያት መቼ እንደሚያልቁ በምን ያውቃል?

የዘገየ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የጨዋታ አምራቹ ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 በአደባባይ አይቶታል። «አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ» በተባለው ጨዋታው፣ በኅብረት በሚጫወቱበት ክፍል፣ ሴት ገጸ ባሕርይ መምረጥ ያልተቻለው ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ አኒሜሽኑ፣ ድምፁና አልባሳቱ እጥፍ ሥራ ስለሚጠይቁ ነው የሚል መልስ ተሰጠ። ቁጣው ከባድ ነበር። በቀደመው የዚሁ ተከታታይ ጨዋታ ላይ የሠራ አንድ አኒሜተር ደግሞ ሥራው የአንድ ወይም የሁለት ቀን ነው ሲል ተከራከረ። እኔ ሁለቱም እውነት ሊይዙ ይችላሉ ባይ ነኝ። ወንዱና ሴቷ አንድ ዓይነት አጽም እንዲጋሩ በመጀመሪያው ወር ከተወሰነ አብዛኛው እንቅስቃሴ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ጥያቄው በመጨረሻው ዓመት ከተነሣ ግን እጥፍ ሥራ ይሆናል። በእኔ ዓይን እነዚያ ሴቶች የቀሩት መልሱ በተሰጠበት ቀን አልነበረም። ማንም ጥያቄውን ሳያነሣ አጽሙ በተቆለፈበት ቀን ነው።

የትኛው ገጸ ባሕርይ ምን ያህል ልፋት ይገባዋል የሚለውም ሊዘገይ የማይገባው ውሳኔ ነው። ካሜራው ከኋላ በሚከተልበት ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ በአሥሮች ለሚቆጠሩ ሰዓታት የሚያየው የጀግናውን ጀርባ ነው። ቀራጺ ግን ፊት ይወዳል፤ የካፖርቱ ጀርባ፣ የማጅራቱ ፀጉር፣ የቦርሳው ማንገቻ በተረፈው ቀን ይሠራሉ። ካሜራው የት እንደሚቆም ጠይቆ ልፋቱን ወደዚያ ማዞር የአስተዳዳሪው ሥራ ነው። ሕዝብ በሚርመሰመስበት ጨዋታ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። 10 ጭንቅላት፣ 10 የላይ ልብስና 10 ሱሪ ብንሠራ 1,000 የተለያዩ ሰዎች እናገኛለን፤ ሲሰሙት ደስ ይላል። የአንገቱና የወገቡ መገጣጠሚያ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ካልተደነገገ ግን የአንዱ ሸሚዝ በሌላው ኮት ውስጥ እየሾለከ ፈታሹን ያስለቅሰዋል።

ዛሬ አንድ ትልቅ ጨዋታ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ በራሱ ስቱዲዮ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሻንጋይ ውስጥ የተመሠረተውን ቨርቹኦስን የመሳሰሉ ድርጅቶች ከሌሎች ስቱዲዮዎች በውል የሚቀበሉት ሥራ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ከገንዘብ በላይ የሚባክነው ቃል ነው። «ትንሽ ተጨማሪ ኃይል ይኑረው» የሚል አስተያየት በሌላ የሰዓት ክልል ለሚኖር ቀራጺ ሲላክ ምን ማለት እንደሆነ ሲገምት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ያልፋል፤ በማግሥቱ ሌላ ሰው ተቃራኒውን ይጽፍለታል። ጥሩ አስተያየት በሞዴሉ ምስል ላይ ተሥሎ፣ የቱ ግዴታ የቱ ምርጫ እንደሆነ ተለይቶ፣ በአንድ ሰው ፊርማ ይወጣል። ያ አንድ ሰው ለዚህ የተመደበ ጊዜ ሊኖረው ይገባል። ዋናውን ቀራጺ የራሱን ሞዴሎች እየሠራ በትርፍ ሰዓቱ የሌሎችን ሠላሳ እንዲያርም ማዘዝ ሁለቱንም ሥራ መግደል ነው፤ ይህ ልማድ በጣም ያናድደኛል።

አዳዲስ መሣሪያዎች ችግሩን ይፈቱታል የሚለው ተስፋ ብዙ አያሳምነኝም። ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው ሜታሂዩማን የተባለ መሣሪያ፣ ሪግ የተሠራለትን የሰው ፊት በአጭር ጊዜ ያወጣል፤ ጥቅሙ አያጠራጥርም። ይህ ሰው ማን ነው፣ ምን ይለብሳል፣ ካሜራ ምን ያህል ይቀርበዋል ለሚለው ግን መሣሪያው መልስ የለውም።

ያልተወሰነው ነገር ሁሉ በመጨረሻ የሚከፈለው በሠራተኛው ሌሊት ነው። «ሳይበርፐንክ 2077»ን የሠራው ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በግድ ትርፍ ሰዓት አናሠራም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 መጨረሻ፣ ጨዋታው ሊወጣ ሲቃረብ፣ የሳምንቱን ሥራ ወደ ስድስት ቀን አሳደገው። ለዚህ ቅን መሆን ብቻ አይበቃም፤ ውሉ መለወጥ አለበት። አሳታሚዎች ለስቱዲዮ ገንዘብ የሚለቁት ብዙውን ጊዜ በተቀመጡ የሥራ ምዕራፎች ነው። «እስከዚህ ቀን 20 ሞዴሎች» የሚል ምዕራፍ ስቱዲዮውን ያልተፈተነ ሞዴል እንዲደረድር ይገፋፋዋል። የመጀመሪያው ትልቅ ክፍያ በጨዋታው ውስጥ ከሚራመድና ከሚናገር አንድ ገጸ ባሕርይ ጋር ይታሰር፤ ሁለተኛው ንድፎቹ ከሚቆለፉበት ቀን ጋር። ከዚያ ቀን በኋላ ለውጥ የሚጠይቅ ሰው፣ ዳይሬክተርም ይሁን አሳታሚ፣ በምትኩ የትኛው ገጸ ባሕርይ ከዝርዝሩ እንደሚወጣ በዚያው ወረቀት ላይ ጽፎ ይፈርም።