ካርቡሬተር ነው ኢንጄክሽን? ኧረ በአላህ ተዉኝ!

ደሴ ውስጥ ቮልስ ያለው ሰው መካሪ አያጣም። «ሱፐርቻርጀር ልገጥምላት ነው» ካለማ በቃ፣ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያለው ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆንበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ አንድ አሮጌ ሱፐርቻርጀር ላከልኝ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጃድሰን የሚባል ኩባንያ ለቮልስ ብሎ ይሠራው የነበረው ዓይነት ነው። በቺንጋ እየዞረ አየር አምቆ ሞተሩን ያጎርሰዋል። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነዳጁ በካርቡሬተር ይግባ (የሚገባው አየር ራሱ ቤንዚኑን በቀዳዳ እየሳበ የሚቀላቀልበት) ወይስ በኢንጄክሽን (በኮምፒውተር እየተመጠነ የሚረጭበት)?

አንዱ ጋራዥ «ካርቡሬተር ድሮ ቀረ፣ አውጥተህ ጣለው» አለኝ። ከሱ በታች ያለው ደግሞ «ኮምፒውተር ያለበት ነገር ቮልስ ላይ? ሐረጎ ዳገት ላይ ገትራህ ነው የምትቀረው» አለ። ሦስተኛው ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሰኝም። «ሽጣት!» ሽጬ ምን ልግዛ? በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ እኮ ቆየ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና መግዣውን ብርም አብሮ ቢነግረኝ ጥሩ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን መኪናዋ የት የት እንደምትሄድ አንድም ሰው አለመጠየቁ ነው።

ደሴ እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። 1300 ሲሲ ቮልስ በወረቀት ላይ 44 የፈረስ ጉልበት አላት። እዚህ ስትደርስ 11 ያህሉን ጦሳ ተራራ ይቀማታል። የአየሩን ግፊት በሲሶ የሚጨምር ሱፐርቻርጀር ብትገጥምላት እንኳ የተቀማችውን ቢመልስላት ነው። እነሱ ግን «ሞተሩን ሊያፈነዳው ነው» እያሉ እናቴን ሳይቀር አስፈራሩብኝ።

መከራው ያለው ቁልቁል ስትወርድ ነው። ሐረጎን ጨርሰህ ኮምቦልቻ ስትገባ 1,850 ሜትር አካባቢ ነህ። በባቲ አድርገህ ሚሌ ከደረስክ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ። አየሩ እየወፈረ ይሄዳል። የካርቡሬተሩ የነዳጅ ቀዳዳ ግን ያው ነው፣ አይሰፋ አይጠብ። ደሴ ላይ ልክ የነበረው ድብልቅ ታች ሲደርስ ነዳጅ ያንሰዋል። አየር ታምቆ በሚገባበት ሞተር ላይ ነዳጅ ካነሰ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስቶን ይበሳል። ቮልስ ደግሞ ውሃ የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ለታች ብለህ ካስተካከልካት ደሴ ስትመለስ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለው ካንዴላም ጥላሸት ትለብሳለች።

ኢንጄክሽን ይሄን ያውቃል። የአየሩን ግፊት በሴንሰር እየለካ ነዳጁን ይመጥናል። «ቮልስ ላይ አይሆንም» የሚሉት ዝም ብለው ነው። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ የሚልካቸውን ቮልሶች በቦሽ ኢንጄክሽን ሠርቷቸዋል።

ታዲያ ምን ቸገረህ ትሉኝ ይሆናል። የሚያስተካክለው ሰው ነዋ! አንድ ላፕቶፕ የያዘ ልጅ «አብሽር፣ ሶፍትዌሩን አውርጄ እሠራልሃለሁ፣ ቀብድ ብቻ ጣል አድርግ» አለኝ። «ከጭሱ ድብልቁን የሚለካ ሴንሰር አለህ?» አልኩት። «እሱ ደግሞ ለምንድነው?» አጂብ! ታዲያ በምን ሊያውቀው ነው፣ በማሽተት? በዚያ ላይ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፖምፓ፣ የነዳጅ መመለሻ ቱቦ፣ የሽቦ መዓት አለ።

ደህና ነገር የሰማሁት ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ብቻ ነው። ምንም ሳይናገሩ ካንዴላዋን ነቀሉና ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋት። «ልጄ፣ ጠቁራለች። ቤንዚን በዝቶባታል፣ መጀመሪያ እሱን እንይ» አሉኝ። ከዚያ ካርቡሬተሩ ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ይቀመጥ አሉ። ልክ ናቸው። ከሱፐርቻርጀሩ በኋላ ከሆነ የታመቀው አየር ነዳጁን መልሶ ይገፋዋል። ካርቡሬተሩን ማሸግ፣ የፖምፓውንም ግፊት ከአየሩ በላይ ማድረግ ግድ ይሆናል። ከፊት ሲሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ነዳጁ ሲተንም አየሩን ያቀዘቅዘዋል። በርግጥ በደሴ የጠዋት ብርድ ቤንዚኑ ሳይተን ቱቦው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሞተሩ እስኪሞቅ መታገስ ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ለጊዜው ካርቡሬተር ነው፣ ነዳጁን ትንሽ ሞላ አድርጌ። ፒስቶን ከሚበሳ ጭስ ብትተፋ ይሻለኛል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ያ ሴንሰር ያለውና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ኢንጄክሽኑን ነገውኑ እንጀምራለን። «ሽጣት» ብሎ ኮሜንት የሚጽፍ ግን ብሎክ ነው፣ ወላሂ።