«በአንድ ኮድ ሁለት ስልክ» የተባለው ነገር

አንድ ጊዜ በተጻፈ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም መተግበሪያ መሥራት ይቻላል ሲባል ሥራው በግማሽ የሚቀንስ ይመስላል። ጎንደር ፒያሳ ተቀምጦ በፍላተር (በአንድ ኮድ ለሁለቱም ስልኮች መተግበሪያ በሚሠራበት መሣሪያ) አዲስ ፕሮጀክት ለሚከፍት ሰው ግን ኮድ ከመጻፉ በፊት ያለው ጣጣ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፕሮጀክቱን መፍጠር በአንድ ትእዛዝ ያልቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ላስነሣው ስሞክር ግን መጀመሪያ የአንድሮይዱን መተግበሪያ የሚገጣጥመው ግሬድል ራሱ፣ ከዚያም የአንድሮይድ ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የተቀመጡ የኮድ ክፍሎች) ከኢንተርኔት መውረድ ይጀምራሉ፤ በዚህ መካከል መብራት ሲጠፋ ወይም የገዛሁት የሞባይል ዳታ ሲያልቅ በግማሽ የወረደ ፋይል ይተርፈኛል። ይባስ ብሎ ማውረዱ በስንት መከራ ሲጠናቀቅ፣ የጫንኩት የጃቫ (ግሬድል ለመሥራት የሚያስፈልገው ፕሮግራም) ሥሪት ከግሬድሉ ሥሪት ጋር አይስማማም የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስለው ኢሙሌተርማ 8 ጊጋባይት ራም ያለውን ላፕቶፕ ቀጥ ስለሚያደርገው ትቼዋለሁ (በዩኤስቢ የተገናኘ አሮጌ ስልክ ይሻላል፣ ገመዱ ካልተነቃነቀ)።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የአይፎኑ ጉዳይ ነው። የአይፎን መተግበሪያ የሚገነባበት የአፕል ፕሮግራም፣ ኤክስኮድ፣ የሚሠራው በማክ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ ላይ የጻፍኩት ኮድ የማክ ኮምፒውተር ወይም በኢንተርኔት በኪራይ የሚገኝ ማክ (ክላውድ) እስካላገኘ ድረስ ለአይፎን ወደሚሆን መተግበሪያ አይለወጥም፤ ኪራዩ ደግሞ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ይህን ሁሉ የማያውቀው ደንበኛ ግን «የአይፎኑስ ለምን ዘገየ?» እያለ ይደውላል።