መኪናውስ ገባ፤ ሶኬቱን ማን ያስገባልን?

ጎበዝ፣ የዛሬው ብሶት ስለ ነዳጅ ሰልፍ አይደለም። ስለ እሱ ሁሉም ጮኾ ጮኾ ድምፁ ዘግቷል። የዛሬው ሰልፉን ሸሽቶ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ስለሚወድቅበት ሌላ ጣጣ ነው።

መነሻው ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ መወሰኑን አሳወቀ። ለኤሌክትሪኩ በወቅቱ ቫቱ፣ ኤክሳይዙ፣ ሱር ታክሱ ተነሣለት፤ ጉምሩኩም ሙሉ ተገጣጥሞ ለመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ፈርሶ ለመጣው ዜሮ ተባለ። ይሁን፣ ጥሩ ነው። አገሩ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራት ከውኃ ያመነጫል፤ ሐሳቡን የሚቃወም ሰው ሒሳብ አይችልም። ግን ሕጉ መኪናውን እስከ ጉምሩክ በር ሸኝቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ሶኬቱ፣ ሽቦው፣ የስክሪኑ ቋንቋ፣ ለገዢውና ለደላላው ተተወ።

መጀመሪያ ሶኬቱ። የመኪናውን የቻርጅ ክዳን ክፈቱና እዩ። ለየብቻቸው ሁለት ማስገቢያ ካላችሁ፣ አንዱ ባለ ሰባት ሌላው ባለ ዘጠኝ ነጥብ፣ መኪናው ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው፤ መስፈርቱ ጂቢቲ ይባላል። ሰባቱ ለዝግተኛው የቤት ቻርጅ፣ ዘጠኙ ለፈጣኑ። ማስገቢያው አንድ ሆኖ ከሥሩ ሁለት ወፍራም ነጥቦች ከተጨመሩበት ደግሞ የአውሮፓው ሲሲኤስ ሁለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም ይሽከረከራሉ። ስማቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ዓመተ ምርታቸው አንድ የሆኑ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው የአንዱ ቻርጀር ለሌላው አይገባም። ሻጩን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «ችግር የለም፣ አዳፕተር አለው»።

ይቺ «አዳፕተር አለው» ናት ደም የምታፈላው። ለቤት ቻርጅ እውነትም ቀላል ነው። የቻይናውና የአውሮፓው ባለ ሰባት ነጥብ ሶኬት በመልክ መንትያ ናቸው፤ ልዩነቱ ወንድና ሴቴው መገለባበጡ ነው። በአውሮፓው እሾሁ መኪናው ላይ ነው፣ በቻይናው ገመዱ ላይ። ስለዚህ ለዚህኛው የሚሆን አዳፕተር አእምሮ አያስፈልገውም። ፈጣኑ ቻርጅ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ መኪናውና ጣቢያው ይነጋገራሉ፦ ባትሪው ስንት ቮልት ላይ ነው፣ ስንት አምፕ ይችላል፣ ሞቋል ወይ። ቻይናው የሚያወራው ካን በሚባለው የመኪና መረጃ መስመር ነው፤ አውሮፓው በሲግናል ሽቦው ላይ በሚያሳልፈው ሌላ ዓይነት የመረጃ ሞገድ። በመሀል የሚገባው አዳፕተር አስተርጓሚ ነው፤ ውስጡ ኮምፒውተር አለ፣ በዚያ ላይ 200 አምፕ ሲያልፍበት ሳይግል መቻል አለበት። ዋጋው ከትንሿ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ጣቢያው ሶፍትዌሩን ባደሰ ቁጥርም ግራ ሊጋባ ይችላል። ሻጩ የሚያሳያችሁ ትንሿን ነው። እናንተ የምታስቡት ትልቁን ነው። ጉዱ የሚወጣው መንገድ ላይ፣ ባትሪው 9 በመቶ ሲሆን ነው።

የቤቱ ግን ይብሳል።

ሁላችንም ምጣድ እናውቃለን። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ ተጋግሮ ሲያልቅ ይጠፋል፣ ሽቦውም ያርፋል። ባለ 16 አምፕ ተንቀሳቃሽ ቻርጀርም ያንኑ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ልዩነቱ ሌሊቱን ሙሉ አለማረፉ ነው። «ምጣድ የቻለ ሶኬት መኪና ያቅተዋል?» የሚለው አነጋገር ቤት የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ሽቦ የሚሞተው በአንድ ጊዜ ጭነት ብቻ አይደለም፤ ስምንት ሰዓት ባለማቋረጥ በመጋልም ነው።

ከቻይና መኪና ጋር የሚመጣው ቻርጀር መሰኪያው ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፣ ሁለቱ እንደ ጎጆ ጣሪያ ያዘመሙ። የእኛ ግድግዳ ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? ለስልክ ቻርጀር የተሠራች፣ ጀርባዋ ላይ 10 አምፕ የተጻፈባት መቀየሪያ ትገዛለች፤ እሷ ዲቫይደር ላይ ትሰካለች፤ ዲቫይደሩ በመስኮት ወርዶ ጊቢ ይደርሳል። የዲቫይደሩን ሽቦ ቁረጡና እዩ፣ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ባለ 0.75 ወይም ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። መጀመሪያ የሚግለው ሽቦው ሳይሆን መሰኪያው የሚነካካበት ቦታ ነው። ላላ ያለ ንክኪ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስ ይበልጥ ይላላል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለብ ያለው ነገር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሸታል። የተረፈውን ኬብል ጠቅልሎ ማስቀመጥም ሌላ ጥፋት ነው፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም። ዘርጉት።

መሆን ያለበት ይኸውላችሁ። ከቆጣሪው ብሬከር ሳጥን ተነሥቶ ለመኪናው ብቻ የሚሄድ መስመር። ለ16 አምፕ ባለ 4 የመዳብ ሽቦ፤ መንገዱ አጭር ከሆነ ባለ 2.5 ይችላል። የራሱ 20 አምፕ ብሬከር፣ ከእሱ ጋር በ30 ሚሊ አምፕ የሚቆርጥ የሊኬጅ መከላከያ፣ መብራቱ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ የሚያጠፋው ማለት ነው። ለ32 አምፕ ግድግዳ ቻርጀር ባለ 6 ሽቦና 40 አምፕ ብሬከር፣ ሶኬት የሚባል ነገር ሳይኖር በቀጥታ ታስሮ። የመሰኪያው ጉዳይ ሲመጣ፣ የቻይናውን ጭንቅላት ቆርጦ ሰማያዊውን የኢንዱስትሪ መሰኪያ መግጠም ያምራል፤ ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንዶቹ ቻርጀሮች መሰኪያው ውስጥ የሙቀት መለኪያ አላቸው፣ ቀጭኗ ሽቦ ስትቆረጥ ቻርጀሩ ጥፋት ነው ብሎ አይነሣም። ለእነዚህ መፍትሔው መሰኪያውን መንካት ሳይሆን የሚመጥነውን ባለ 16 አምፕ የቻይና ሶኬት ግድግዳው ላይ መትከል ነው። የስንት ሚሊዮን ብር መኪና የሚሸጥ ሰው ያችን ሶኬት አብሮ ቢያመጣ ምን ይጎድልበታል?

አሁን ወደ ገዳዩ ነገር። ቻርጀሩ ይሰካል፣ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ አይጀምርም። «የመሬት መስመር የለም» እያለ ነው። እውነቱንም ነው፤ ብዙ አሮጌ ቤት ውስጥ ኧርዝ የሚባለው ሽቦ ሶኬቱ ጋ አልደረሰም፣ ደርሶም ከሆነ ከምንም ጋር አልታሰረም። ኤሌክትሪሻን ይጠራል። በሦስት ደቂቃ «ይስተካከላል»። ምን አደረገ? ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን፣ መብራቱ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘ። ቻርጀሩ ተታለለ፣ አረንጓዴ በራ፣ ባለሙያው ተከፍሎት ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ምሰሶ ላይ ወይም ቆጣሪው ጋ ኒውትራሉ ይላላል፤ በዚያች ቅጽበት የመኪናው ገላ በሙሉ 220 ቮልት ነው። በሩን የሚከፍተው እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው ነው፣ ምናልባትም ልጅ። ይህን ጥበብ የሚሠራ ኤሌክትሪሻን ፈቃዱ መነጠቅ አለበት፤ ፈቃድ ካለው ማለቴ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። በመልቲሜትር ከፌዝ፣ መብራቱ ከሚመጣበት ሽቦ፣ ወደ ኧርዝ ስትለኩ ወደ 220 መቅረብ አለበት፣ ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ጥቂት ቮልት ብቻ። 60፣ 90 እያለ የሚዋልል ቁጥር ካያችሁ መሬት የላችሁም። ቁጥሩ ቢያምርም የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው የኧርዝ ዘንግ ምን ያህል እንደያዘ የሚናገረው የኧርዝ መለኪያ ብቻ ነው። በዋልካ አፈር ላይ በክረምት የተለካ ኧርዝ በበጋ አፈሩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ያው አይሆንም። ቢቻል መጋቢት ላይ አስለኩ።

ስለ ቮልቴጁም እንነጋገር። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ 220 የሚባለው 180 ይሆናል። ባለ 10 አምፕ ቻርጀር ያኔ 2.2 ሳይሆን 1.8 ኪሎዋት ነው የሚሰጠው፤ ትንሽ ከወረደ ጭራሽ ያቆማል። ሰው ስታቢላይዘር ይገዛል። ስታቢላይዘር ኃይል አይፈጥርም፤ በ170 ቮልት መስመር 3.5 ኪሎዋት ለማውጣት ከግድግዳው ከ20 አምፕ በላይ ይጎትታል፣ ሽቦችሁን ያግላል፣ የጎረቤትን መብራት ይበልጥ ያደበዝዛል። የሚሻለው ነጻ ነው፦ መኪናው ላይ ወይም ቻርጀሩ ላይ ሰዓት ሞልታችሁ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ማድረግ።

ደግሞስ ይህ ሁሉ ሰው ለምንድን ነው ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር የሚሸጥለት? ሒሳቡን ሥሩ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ ፍላጎቱ 6.4 ነው፤ በቻርጅ ላይ የሚባክነውን ጨምሩበትና 7.3 በሉት። በትንሹ ባለ 10 አምፕ ቻርጀር ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። አለቀ። ትልቁ ቻርጀር የሚያስፈልገው ባዶ ባትሪ በአንድ ሌሊት መሙላት ለሚፈልግ ነው፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በትንሹ ቻርጀር ከ30 ሰዓት በላይ፣ በ32 አምፕ ወደ አሥር ሰዓት ይወስዳል። የከተማ ሰው ትልቅ ቻርጀር ሳይሆን የማይግል ሶኬት ነው የሚያስፈልገው። ግን የማይግል ሶኬት ኮሚሽን የለውም።

ኮንዶሚኒየም የሚኖረውማ ብሶቱ ለብቻው ነው። ቆጣሪው አራተኛ ፎቅ፣ መኪናው ታች። ከጋራ መብራት ልሳብ ቢል ኮሚቴው ይጮኻል፣ ልክም ነው። ንዑስ ቆጣሪ አስገብቶ በየወሩ አንብቦ መክፈል ይቻል ነበር፤ ለዚህ ፎቅ ባለቤቶች የሚስማሙበት አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል። የቤት ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ደግሞ በወር የሚጨመረው 220 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚቆጠረው በላይኛው እርከን ነው፤ ሻጩ «በወር እንዲህ ብቻ» ሲላችሁ የታችኛውን እርከን ዋጋ ይዞ እንዳይሆን።

አሥራ ሁለት ቮልቷን አትርሱ። ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው አይሞትም ብሎ ያስባል። ትልቁ 80 በመቶ ሞልቶ ትንሿ ረዳት ባትሪ ከሞተች በሩ አይከፈትም፣ ስክሪኑ አይበራም፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ሪሌውም፣ አይያያዝም። ወደብና መጋዘን ውስጥ ወራት የቆመ «አዲስ» መኪና ትንሿ ባትሪ ባዶ ሆና ስለከረመች ግማሽ ዕድሜዋን ጨርሳለች። ስትረከቡ ቮልቷን አስለኩ፤ መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ ተራው የእርሳስ ባትሪ ከ12.4 በታች ካሳየ ይቀየርላችሁ። አንዳንዱ መኪና ረዳቷም ሊቲየም ናት፣ የሚያሳየው ቁጥር ይለያል፤ የመርካቶን ተራ ባትሪ አስገብቶ ማለፍ አይቻልም። ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀችው የብረት ቁልፍ የት እንደምትገባም ያኔውኑ ይታያችሁ።

ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ ካርታው የሻንጋይ ነው፣ አፑ የቻይና ስልክ ቁጥር ካልሰጣችሁት አያስገባም። ይህን ሰው ለመደው፤ በጉግል ትራንስሌት ፎቶ እያነሣ አየር መቀዝቀዣ ያበራል። የማይለመደው ጥገናው ነው። በቮልስዋገን አይዲ ሞዴሎች ላይ ብዙ መቆጣጠሪያ ክፍሎች በዲጂታል መቆለፊያ የታሰሩ ናቸው፤ ክፍሉን ቀይሮ ለማስተካከል ጋራዡ በኢንተርኔት ከአምራቹ የፈቃድ ኮድ ማግኘት አለበት። ከአምራቹ ጋር ውል የሌለው አስመጪ ያመጣው መኪና ይህን በር የሚያንኳኳለት የለም። ላኪዋ ቻይና እንኳ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለመላክ ፈቃድ እንዲያስፈልግ አድርጋለች። ሻጭ አገር የላኪውን ማንነት ከጠየቀች፣ ገዢ አገር «ጥገናውን ማን ይሠራል?» ብላ መጠየቅ ነውር ነው?

«በአንድ ቻርጅ 600 ኪሎ ሜትር» የሚለው ደግሞ የቻይናው የሲኤልቲሲ መለኪያ ነው፤ ሩብ ያህሉን ቀንሱለት። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ 650 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ፤ ሁለት ቶን መኪና ያን ያህል ለማንሣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይበላል፣ የ25 ኪሎ ሜትር ስንቅ ማለት ነው። ሲሄድ የበቃ ሲመለስ ላይበቃ ይችላል።

ጎሚስታ ቤት ደግሞ ዓይናችሁን ከጃኩ ላይ አትንቀሉ። እንደ ቪትዝ መስሎት መሀል ሆዱ ላይ ቢደግፈው የሚደግፈው ባትሪውን ነው። ጃክ የሚገባባቸው አራት ቦታዎች በጎን ጠርዙ ላይ ምልክት አላቸው፤ ላስቲክ አስደርጉበት። ፍጥነት ማብረጃ ላይ ሆዱ የተፋቀ መኪናም «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይታለፍም፤ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ከጎበጠ ከፍቶ የሚያይ ሰው ፈልጉ።

ለሚመለከታችሁ መሥሪያ ቤቶች የሚጠየቀው ተአምር አይደለም። መኪናው ላይ ባለቀለም ወረቀት፦ የሶኬቱ ዓይነት፣ የባትሪው ዓይነት፣ የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ በአማርኛ። እሱ እስኪመጣ ያንን በመስኮት የወረደ ዲቫይደር ንቀሉት፤ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት፣ ቡናማ ሆኗል።