አጥር የሌለው ምሽግ

ሰው ዘና ለማለት ሲወጣ ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል። እኛ ቤት ተከራይተን ወጣን። ስድስት ሆነን፣ አልጋና ምድጃ ያለው አር ቪ ይዘን፣ ከዴንቨር ወደ ዋዮሚንግ፣ ፎርት ላራሚ የሚባለውን የድሮ የጦር ምሽግ ልናይ።

መንገዱ ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። የጫንነው ግን አርባ እንጀራ፣ ሁለት ድስት ወጥ፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ አራት በርጩማ። ለሁለት ቀን ነው እንግዲህ! መኪናው በታጠፈ ቁጥር ሲኒው ይንኳኳል፤ የቡና ኃላፊያችንም "ቀስ በል እንጂ!" ትላለች።

ደረስን። አንዱ ጓደኛችን ጎንደሬ ነው፤ ፋሲል ግንብ ሥር ኳስ እየተጫወተ ያደገ። ወርዶ ግራ ቀኙን ቃኘ። ሣር። ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች። በረንዳ ያለው ነጭ ፎቅ ቤት።

"አጥሩስ?" አለ።

አጥር የለም። በፈረንጆቹ 1834 ቆዳ ነጋዴዎች የሠሩት ጣቢያ አጥር ነበረው። የአሜሪካ ጦር በ1849 ቦታውን በ4,000 ዶላር ገዛና ዙሪያውን ሳያጥር ሰፈረበት።

"የፋሲል አጥር እኮ 900 ሜትር ነው! ይሄ ቀበሌ ነው እንጂ ምሽግ ነው?"

አስጎብኚው ፈገግ ብሎ ቀጠለ። በ1868 እዚህ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ከላኮታዎች ጋር ውል ተፈረመ፤ ብላክ ሂልስ የሚባለው ተራራማ አገር የእናንተ ነው ተባሉ። ከዚያ እዚያው ወርቅ ተገኘ። 1877 ላይ ተወሰደባቸው።

ጎንደሬው ትንሽ ዝም አለ። "አጥር የሚያስፈልጋቸውስ እነሱ ነበሩ።"

ስለ ወርቅ ፈላጊዎቹም ሰማን። በ1849 ወደ ካሊፎርኒያ ሲጎርፉ ሠረገላቸውን ከልክ በላይ ይጭናሉ። ላራሚ አካባቢ ሲደርሱ ከብቶቹ ይዝላሉ። ያኔ ምድጃውን፣ ሣጥኑን፣ የአሳማ ሥጋውን ሳይቀር ሜዳ ላይ እየጣሉ ይሄዳሉ። ሁላችንም ዞረን የቡና ኃላፊያችንን አየናት።

"ምን ታዩኛላችሁ? ረከቦቴን አልጥልም!"

ደግነቱ አስጎብኚው አዳናት። እነዚያ መንገደኞች ሌላውን ቢጥሉም ቡናቸውን አይለቁም ነበር አለ። ጥሬውን በመጥበሻ እየቆሉ ነበር የሚጠጡት። ይህን ከሰማች በኋላ ማን ያቁማት? ፓርኪንጉ ላይ፣ አር ቪው ውስጥ ቡናው ተቆላ። እጣኑም ጨሰ። የጭስ አላርሙ ጮኸ። ጎንደሬው የምሽጉን ካርታ ዘርግቶ ማራገብ ያዘ። ለካ ካርታው ለዚህ ነው የተሰጠን። በሩን ከፍተን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ አላርሙ የሚጮኸውን እየጮኸ አቦል ቶና በረካ ጠጣን። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በር ላይ ቆሞ ሲያሸት ቆየ። በርጩማ ሰጠነው። አራተኛው በርጩማ ሥራ አገኘ።

መኪናውን ስንመልስ ተረካቢው በሩን ከፈተ፣ አየሩን ሳበ።

"እሳት ተነስቶ ነበር?"

"ኧረ ቡና ነው።"

የጽዳት ተብሎ ተቆረጠብን። እኛም ጓዛችንን አወረድን። ከአርባው እንጀራ ሠላሳ አንዱ በሰላም ዴንቨር ተመለሰ።