መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም ለሚሉን ዕድሜ ይስጥልን

ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ ከመጽሐፍ የተሠራ ፊልም ላይ፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ገና ከንፈር ለከንፈር ሊገናኙ ሲሉ፣ ከኋላ ረድፍ «ኧረ መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም!» የሚል ድምፅ ባይሰማ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ዝም ብለን ፊልሙን እናይ ነበራ! የቲኬት ከፍለን፣ ፈንዲሻችንን ቆርጥመን፣ በተሳሳተ ክፍል ውስጥ በተፈጸመ መሳሳም ደስ ብሎን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። ከዚህ ውርደት ያዳኑን የገጽ ዘበኞች ክብር ይድረሳቸው።

ሥራቸው የዋዛ አይደለም። ፊልሙ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው መጽሐፉ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ሙሉውን ማንበብ የጀማሪ ነው፤ የበሰለ ዘበኛ የፍቅሯን ምዕራፍ ብቻ፣ እሷኑ ሦስቴ ደጋግሞ ያነባል። የት ነበሩ? ማን ቀድሞ ሳመ? ማን አያቸው? ይህን በቃሉ ይዞ ይገባና መሃል ወንበር ይይዛል፤ ትንፋሹ ለግራም ለቀኝም እንዲዳረስ። ትልቁ አደጋ መዘናጋት ነው። በሙዚቃው ወይም በተዋናዮቹ ዓይን ልቡ የተሰረቀበት ስንቱ ዘበኛ ሳያስበው ፊልሙን ወዶት ወጥቷል!

የሙያው ዩኒቨርሲቲ የልጅ ጠንቋዩ የሃሪ ፖተር ታሪክ ነው። በ2005 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) በወጣው 6ኛ መጽሐፍ፣ ሃሪ የመምህሩ የስኔፕ ቅጣት ላይ ስለነበር በመጥረጊያ እየበረሩ የሚጫወቱት የኩዊዲች የዋንጫ ጨዋታ ያመልጠዋል። በእሱ ቦታ የተጫወተችው ጂኒ ናት። ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ ቡድኑ ግሪፊንዶር 450 ለ140 አሸንፎ የማረፊያ ክፍላቸው በሆታ ተናውጧል። ጂኒ ሮጣ ስትጠመጠምበት ሃሪ ምንም ሳያስብ፣ ሃምሳ ሰው እያየው ይስማታል። የቀድሞ ጓደኛዋ ዲን በእጁ የተሰበረ ብርጭቆ ይዟል። ወንድሟ ሮን ዋንጫውን እንዳቀፈ አናቱን በዱላ የተመታ ሰው መስሎ ቀርቷል።

በ2009ኙ ፊልም ዋንጫ የለ፣ ሃምሳ ሰው የለ፣ ብርጭቆ የለ። ሁለቱ ብቻቸውን አሮጌ ዕቃ የታጨቀበት ክፍል ገብተው አንድ መጽሐፍ ሊደብቁ ነው። ዓይንህን ጨፍን ትለዋለች፤ ሳም ታደርገውና ውልቅ ትላለች። ጭራሽ ሌላ ትዕይንት ላይ አጎንብሳ የጫማውን ክር ታስርለታለች። የጫማ ክር! እዚህ ላይስ ዘበኞቹ እውነት አላቸው፤ የመጽሐፏ ጂኒ አፏም እጇም የማይቦዝን ልጅ እንጂ የሰው ክር አሳሪ አይደለችም።

እውነት መያዝ ብቻውን ግን ለዚህ ሙያ አያበቃም። የተቆረጠበትን ምክንያት አለመስማትም ያስፈልጋል። መጽሐፉ ከ600 ገጽ በላይ፣ ፊልሙ 153 ደቂቃ ነው፤ በሙያው ልማድ አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የዋንጫው ጨዋታ ተቆረጠ፤ ጨዋታው ሲቀር ድሉ ቀረ፤ ድሉ ሲቀር ሆታው ቀረ፤ መሳሳሟ መቆሚያ አጥታ ዕቃ ቤት ገባች። ዘበኛው ይህን ሁሉ ቢነግሩት መልሱ አንድ ነው፦ «አምስት ደቂቃ ቢጨምሩ ምን ነበረበት?» ሁሉም ዘበኛ የራሱን አምስት ደቂቃ ቢያስጨምር ፊልሙ በፆም ገብቶ በፋሲካ ይወጣ ነበር።

የሃሪ ጓደኞች የሮንና የሄርማዮኒ ጉዳይ ደግሞ ረቀቅ ያለ ነው። በመጨረሻው መጽሐፍ፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰዓት፣ ሮን ወጥ ቤት ያሉት ኤልፎች (የጠንቋዮቹ አገልጋይ ፍጡራን) በእኛ ምክንያት እንዳያልቁ እንንገራቸው ይላል። ሄርማዮኒ የታቀፈችውን የባሲሊስክ (የግዙፉ መርዘኛ እባብ) ጥርስ ሁሉ መሬት ጥላ ትጠመጠምበታለች፤ ሃሪ አጠገባቸው ቆሞ ጦርነት ላይ መሆናችንን አትርሱ ብሎ ይጮኻል። በ2011ዱ ፊልም ግን ክፉው ጠንቋይ የነፍሱን ቁራጭ የደበቀበትን ጽዋ በእባቡ ጥርስ ወግታ ስትጨርስ ውሃ ያጥለቀልቃቸውና፣ እንዲያው ዝም ብለው፣ ይሳሳማሉ። ለምን? ሄርማዮኒ ለኤልፎቹ መብት ማኅበር ያቋቋመችበት የ4ኛው መጽሐፍ ታሪክ ገና በ2005ቱ ፊልም ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ስድስት ዓመት ቆይቶ ሮን ስለ ኤልፍ ቢያወራ ፊልሙን ብቻ ያየ ተመልካች «ምን ነካው?» ይል ነበር። መሳሳሟ የሞተችው በ2005 ነው፤ ለቅሶው ግን በ2011 ተቀመጠ።

ብሪጀርተን በተባለው የፍቅር ታሪክ ውስጥ ያለችውን ንብ በአጭሩ እንለፋት። በ2000 በወጣው ልቦለድ ንብ ኬትን ደረቷ ላይ ስትነድፋት፣ አባቱን በንብ ያጣው አንተኒ ይደነግጥና መርዙን በአፉ ሊመጥላት ይሞክራል። እናቶቻቸው ከአንዲት ወሬኛ ጎረቤት ጋር ይደርሱባቸውና ሠርግ ግድ ይሆናል። በ2022ቱ የኔትፍሊክስ ድራማ ንቧ ትነድፋለች፣ እሱም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ግን የሚደርስባቸው የለም፤ ሰውየው ከኬት እህት ጋር መሠዊያ ፊት ድረስ ይሄዳል። አትክልት ቦታ ተይዞ መጋባት በድራማው የመጀመሪያ ምዕራፍ (ሲዝን) ላይ ታይቶ አልቋል፤ በ3ኛው ክፍል ከተጋቡ ደግሞ የቀሩት አምስት ክፍሎች ምን ሊበሉ ነው? ዘበኞቹ ግን ለንቧ እስካሁን ሐዘን ላይ ናቸው።

አሁን ወደ ሊቃውንቱ እንምጣ፦ ወደ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን ዘበኞች። በ1813ቱ ልቦለዷ በፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ፣ ኤልሳቤጥ ባለጸጋውን ዳርሲን በርስቱ ላይ ድንገት ስታገኘው፣ ሰውየው ከበረቱ በኩል ባለው መንገድ ደረቅ ልብስ ለብሶ ብቅ ይላል። ሃያ ያርድ በማይሞላ ርቀት ይተያዩና ሁለቱም ፊታቸው ይቀላል። አለቀ። በ1995ቱ የቢቢሲ ድራማ ኩሬ ውስጥ ዘሎ ይገባና ሸሚዙ ርሶ ይመጣል። ኩሬ! መጽሐፉ ላይ ጠብታ የለም! ታዲያ ዘበኞቹ ምን አሉ? ምንም። እንዲያውም በ2013 ለንደን ሃይድ ፓርክ ኩሬ ውስጥ ከሦስት ሜትር ተኩል የሚበልጥ የዳርሲ ሐውልት ቆመ፤ በ2016 ሸሚዙ ዋሽንግተን ፎልገር ሼክስፒር ቤተ መጻሕፍት ለዕይታ ቀረበ። ገጽ ላይ ለሌለ ሸሚዝ ይህን ያህል ክብር! ሕጉ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ፊልሙ የቀነሰው ነውር ነው፤ የጨመረው፣ ሰውየው መልከ መልካም እስከሆነ ድረስ፣ ቅርስ ነው።

የበለጠ የሚደንቀው ሌላ ነው። ዳርሲ ለሁለተኛ ጊዜ ጠይቋት ኤልሳቤጥ እሺ ስትለው፣ እሱ በደስታ የተናገረውን ቃል ኦስተን አልጻፈችውም። በፍቅር ያበደ ሰው ሊናገር የሚችለውን ያህል ተናገረ ብላ ታልፋለች። የሁለቱ መሳሳምም የለም። በዚሁ ልቦለድ የ2005 ፊልም፣ ለአሜሪካ ተመልካች ተብሎ በተጨመረው ማብቂያ ላይ ሲሳሳሙ ግን «መጽሐፉ ላይ የበለጠ ያምራል» የሚል አይጠፋም። የትኛው ገጽ? የትም ገጽ። ሲያነብ እሱ ራሱ ጨምሮታል፣ በነፃ፣ በራሱ ተዋናይና በራሱ መብራት።

በዚህ ረገድ እኛ ተሞላቅቀናል። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክልን ከመጽሐፉ አልወጣብንም፤ ሰብለ ወንጌልን ግን እያንዳንዱ ቤት በየመልኩ አስገባት። እሷን የምትጫወት ተዋናይት ያለባትን ዕዳ አስቡት!

ለዘበኞቹ አንድ ክፉ ዜና አለ። ኤችቢኦ ሃሪ ፖተርን እንደ አዲስ በተከታታይ ድራማ፣ ለአንድ መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ መድቦ ሊሠራው ተነሥቷል። ጊዜው ተገኘ ማለት ነው። ቅጣቱ፣ 450 ለ140ው፣ ሃምሳው ሰው፣ ሁሉም እንዳለ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ በምን ልንናደድ ነው? ከወዲሁ መዘጋጀት ይበጃል፤ ዲን የተሰበረውን ብርጭቆ የያዘው በየትኛው እጁ እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም። ተዋናዩ በቀኝ ከያዘው፣ በግራ ነበር።