ጠርዙም የናንተ ነው?

እሺ፣ አስፋልቱ የገልባጭ ነው። ገብቶናል። ግን ጠርዙም?

ዛሬ በብስክሌቴ ገፈርሳ ግድቡን እንዳለፍኩ አንዱ ገልባጭ ጆሮዬ ሥር ክላክሱን ለቀቀው። ስፖኪዮው ክርኔን ሊነካ ምንም አልቀረው። ረዳቱ ደግሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዳርህን ያዝ!» አይለኝም? የቱን ዳር? ከነጩ መስመር ወዲህ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ወዲያ ቦይ። የግድቡ ውሃ ውስጥ ልግባ? እሱንም አዲስ አበባ ትጠጣዋለች፤ ነውር ነው።

እንጦጦም ያው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ዳገቱን እያለከለክሁ አፌን ስከፍት የአሮጌ ሚኒባስ ጥቁር ጭስ ይሞላዋል። የባሕር ዛፉን ሽታማ ማን አገኘው! ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ስወርድ ደግሞ ኩርባ ላይ ካልደረብኩ ሞቼ እገኛለሁ የሚል አይጠፋም። መቼም የጫነው አሸዋ እንዳይቀዘቅዝበት ይሆናል!

«ጂም ገብተህ አትነዳም?» ይሉኛል። የመናገሻን ጫካ እዚያ ማን ተክሎልኝ?

እባክህ ሹፌር፣ ስታልፈኝ አንድ ሜትር ራቅ በል። አንድ ሜትር ብቻ! ከጭነትህ ላይ አይቀነስብህም።